ጥርሱ መሬት ውስጥ ሳለ፦ ቆመው የሚነዱትን የሣር ኤሬተር ስለመንዳትና ስለመንከባከብ

እንደምን አረፈዳችሁ። እዚህ ከመጣችሁት ብዙዎቻችሁ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የሣር ሥራ የጀመራችሁ ወይም ለመጀመር ያሰባችሁ ናችሁ። ማጨጃውን ታውቁታላችሁ። ሴፕቴምበር ሲገባ ግን ደንበኛ የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ «ኤሬሽን ትሠራላችሁ ወይ?» ይላል፤ አየርና ውሃ እንዲገባ የሣሩን መሬት መበሳት ማለቱ ነው። ያኔ ነው ሰው ቆሞ የሚነዳውን ኤሬተር ከኪራይ ቤት አምጥቶ፣ ማጨጃ የነዳ ይሄንን አያቅተውም ብሎ የሚነሳው።

ያቅተዋል። የማጨጃ ስለት ከመሬት በላይ ነው የሚሽከረከረው፤ ማሽኑን ወዴትም ብታዞሩት ግድ የለውም። ኤሬተር ግን መሬቱን በብረት ጥርሶቹ ነክሶ ነው የሚሄደው፤ የነከሰ ነገር ደግሞ ሳይለቅ አይዞርም። ዛሬ የምንነጋገረው ሁሉ ከዚህች አንድ ነገር የሚወጣ ነው፦ ጥርሱ መሬት ውስጥ ያለው መቼ ነው፣ መነሳት ያለበት መቼ ነው፣ ከተነሳ በኋላስ ምን ይዞት ነው የቆመው? የተጣመመ ጥርስ፣ የተቀደደ ሣር፣ የተበጠሰ የኢንተርኔት ገመድ፣ የተጨፈለቀ ጣት፣ አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱን ከመርሳት ነው።

ማሽኑን እንተዋወቀው። ቶሮ፣ ኤክስማርክ፣ ተርፍኮ የመሳሰሉት ኩባንያዎች ይሠሩታል። ሰው ከኋላ ባለች ትንሽ መድረክ ላይ ቆሞ ይነዳዋል። መቀመጫ የለውም፤ ሲገለበጥ ሰው የሚያድን የብረት ክፈፍም የለውም። ክብደቱ ብዙ ጊዜ ከ350 ኪሎ ይበልጣል፣ የእናንተ ክብደት ሳይቆጠር። በብዙዎቹ ላይ ጎማዎቹን የሚያዞረውም፣ ጥርሶቹን ወደ መሬት የሚጫነውም የሃይድሮሊክ ዘይት ነው። ጥርሶቹ ውስጣቸው ባዶ የሆነ የብረት ቱቦዎች ናቸው፤ የብዙዎቹ ውፍረት ሦስት አራተኛ ኢንች፣ 19 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ዘንግ ላይ በረድፍ ታስረው እየተንከባለሉ ይወጋሉ፤ አፈሩንም እንደ ጠርሙስ ቡሽ ነቅለው ሣሩ ላይ ይጥሉታል። እኛ የአፈር ቡሽ እንበለው። ሱቅ ስትሄዱ ግን ቡሹን «ፕለግ»፣ ጥርሱን «ታይን» በሉ። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ የሠራችሁ ደግሞ እዚህ ባንኮኒ ላይ «ካንዴላ» ብትሉ የሚሰማችሁ የለም፤ «ስፓርክ ፕለግ» ነው።

ስለ አፈሩ ብዙ አልልም። በዚህ አካባቢ ብዙው ግቢ ሸክላ የበዛበት ነው። ቤቱ ሲሠራ በከባድ ማሽን ተረግጧል፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ በየሳምንቱ ማጨጃ ይመላለስበታል። ሸክላ ሲጠቀጠቅ በቅንጣቶቹ መካከል ያለው የአየር ቦታ ይጠፋል፤ ውሃው ሳይሰርግ ላይ ላዩን ይፈሳል፣ ሥሩም ወደ ታች መውረዱን ትቶ ከላይ ይንጋለላል። እዚህ የተለመደው ቶል ፌስኪው የሚባለው ሣር ብርድ ወዳድ ነው፤ ስለዚህ ከኦገስት መጨረሻ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ባለው ጊዜ ቢበሳ ክረምቱ ሳይገባ ያገግማል። ቤርሙዳና ዞይዥያ ግን ሙቀት ወዳድ ናቸው፤ የእነሱ ጊዜ የዚህ አገር የጸደይ መጨረሻና የበጋ መጀመሪያ፣ ሜይና ጁን አካባቢ ነው። የደንበኛችሁ ሣር የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ቀጠሮ አትስጡ።

እርጥበቱ ግን ብዙ ይባልበታል፤ ማሽኑን የሚሰብረውም የሚያድነውም እሱ ነውና። 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ካቻቢቴ ይዛችሁ ግቢው ውስጥ አምስት ስድስት ቦታ በመዳፋችሁ ግፊት ብቻ ውጉ። ትንሽ እየታገለ እስከ እጀታው ከገባ አፈሩ ደርሷል። ሦስት ሴንቲ ሜትር ላይ ቀጥ ካለ ደረቅ ነው፤ ደንበኛው ከአንድ ቀን በፊት አንድ ኢንች ውሃ ያጠጣው። አንድ ኢንች ስንት እንደሆነ ለማወቅ የቱና ጣሳ ሣሩ ላይ አስቀምጣችሁ ውሃው 2.5 ሴንቲ ሜትር እስኪሞላ መጠበቅ ነው። ካቻቢቴው ያለ ምንም ትግል ገብቶ ጭቃ ለብሶ ከወጣ ደግሞ ማሽኑን ከተሳቢው ላይ አታውርዱት። ጭቃ ጥርሱ ውስጥ ይጠቀጠቅና ቡሹ መውጣት ያቅተዋል፤ ጎማውም ይንሸራተታል፣ ሣሩ ላይ ቦይ ይቆፍራል። ቀን ማዛወር ደንበኛን ቅር ያሰኝ ይሆናል፤ ቦይ የተቆፈረበት ግቢ ግን ከዚያ የበለጠ ያስቀይመዋል።

አሁን ወደ መሬቱ ውስጥ እንመልከት። ጥርሱ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ጥልቅ አይመስልም። የኢንተርኔትና የኬብል መስመር ግን ከቤቱ አጠገብ ብዙ ጊዜ ከዚያ በማይበልጥ ጥልቀት ነው የሚቀበረው፤ ውሻ ከግቢ እንዳይወጣ የሚከለክለው ሽቦማ አንዳንዴ ሣሩ ሥር ብቻ ነው ያለው። ከሥራው ጥቂት የሥራ ቀናት ቀደም ብላችሁ 811 ላይ ደውሉ። ነፃ ነው፤ ሰው መጥቶ የተቀበሩትን መስመሮች በቀለምና በባንዲራ ያመለክታል። ቀይ ኤሌክትሪክ ነው፣ ቢጫ ጋዝ፣ ብርቱካናማ ስልክና ኬብል፣ ሰማያዊ የመጠጥ ውሃ፣ አረንጓዴ የፍሳሽ መስመር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው 811 ሁሉንም ያሳያል ብሎ ነው። 811 የሚያሳየው የአገልግሎት ሰጪዎቹን መስመር ነው። ደንበኛው በግሉ ያስቀበረውን፣ ማለትም የሣር ማጠጫ ቱቦውን፣ የአትክልት መብራት ገመዱን፣ የውሻ ሽቦውን፣ ወደ ጋራዡ የወሰደውን ኤሌክትሪክ ማንም አያመለክትላችሁም። ያንን ከደንበኛው ጠይቃችሁ፣ በራሳችሁ ባንዲራ ታመለክታላችሁ።

የውሃ ማጠጫ ካለ እያንዳንዱን ዞን፣ ማለትም ውሃው አብሮ የሚከፈትበትን ክፍል፣ ለአንድ ሁለት ደቂቃ አስከፍቱት። የውሃ መርጫ ራሶቹ ብቅ ሲሉ አጠገባቸው ባንዲራ ትከሉ፤ ሲዘጋ ተመልሰው ሣሩ ውስጥ ይደበቃሉና ያለ ባንዲራ አታገኟቸውም። ከራሶቹ ግማሽ ሜትር ያህል ራቁ። የቫልቭ ሳጥኖችን፣ የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳኖችን፣ ከመሬት ብቅ ያሉ ሥሮችንና ድንጋዮችን ምልክት አድርጉ። የልጆች መጫወቻ፣ የድንኳን ካስማ፣ የውሻ ማሰሪያ ብረት ካለ አንሱ። ይህን ሁሉ ማሽኑን ሳታወርዱ፣ በእግራችሁ እየዞራችሁ አድርጉት።

ከተሳቢ ስለማውረድና ስለመጫን አንድ ቁጥር ብቻ ያዙ፦ የመወጣጫው ርዝመት ተሳቢው ከመሬት ካለው ከፍታ ቢያንስ አራት እጥፍ ይሁን። ተሳቢው 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ መወጣጫው 2 ሜትር ነው። ያኔ ዘንበሉ ከ15 ዲግሪ አያልፍም። ለሁለቱ ጎማዎች የተለያዩ ሁለት ጠባብ መወጣጫዎችን ሳይሆን ማሽኑን በስፋቱ የሚሸከም አንድ ወጥ መወጣጫ ተጠቀሙ፤ አንዱ ጎማ ከሳንቃው ቢወጣ ይህን የሚያህል ማሽን በእጅ አትመልሱትም። ፊት ለፊት ይውጣ ወይስ በኋላ የሚለው እንደ ሞዴሉ ነው፣ መመሪያው ላይ አለ። ሲጫን ጥርሶቹ ተነስተው የመጓጓዣ መቆለፊያቸው ይግባ፣ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፣ የቤንዚን መዝጊያው ይዘጋ። ማሰሪያውን ለማሰር በተሠሩት ቀለበቶች ላይ እንጂ በመሪው ወይም በመንጃ እጀታዎቹ ላይ አታድርጉት፤ ተሳቢው መንገድ ላይ ሲነጥር የሚጣመመው እጀታው ነው።

ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት ማሽኑን ዙሩት። የሞተር ዘይት፣ የሃይድሮሊክ ዘይት፣ የጎማ ንፋስ። የጎማውን ንፋስ ማንም ቁም ነገር አይለውም፤ ነገር ግን አንዱ ጎማ ከሌላው ካነሰ ማሽኑ ወደዚያ ይስባል፣ ጥርሶቹም በአንድ ወገን ጠልቀው በሌላው ይንሳፈፋሉ። ከዚያ ጥርሶቹን አንድ በአንድ እዩ፤ የላላ ብሎን፣ የተሰነጠቀ ቱቦ፣ የጎደለ ጥርስ ካለ በአስር ሰኮንድ ይታያል።

ቤንዚን ሞተሩ ሲቀዘቅዝ፣ ደጅ ላይ ነው የሚሞላው። ጀሪካኑን ፒክአፑ ላይ እንዳለ አትሙሉ። የጭነቱ ወለል ላይ የፕላስቲክ ንጣፍ ካለ የማይታይ የኤሌክትሪክ ፍንጣሪ ይፈጥራል፤ ጀሪካኑን መሬት ላይ አውርዳችሁ ሙሉ። ነዳጁ እስከ 10 በመቶ ኢታኖል ያለው የተለመደው ቤንዚን ይሁን። 15 በመቶ እና 85 በመቶ ኢታኖል ያላቸው ለእነዚህ ሞተሮች አይሆኑም፤ ፓምፑ ላይ ርካሽ መስለው ቢታዩም አትንኳቸው።

የደህንነት ማቋረጫዎቹን በየቀኑ ፈትሹ። የእጅ ፍሬኑ ሳይያዝ ወይም የመንጃ እጀታው ከገለልተኛ ቦታው ወጥቶ ሞተሩ መነሳት የለበትም። ማሽኑ በሥራ ላይ ሳለ እጀታውን ስትለቁ ወይም ከመድረኩ ስትወርዱ ደግሞ፣ እንደ ሞዴሉ፣ ሞተሩ መጥፋት ወይም እንቅስቃሴው መቆም አለበት። አንዳንድ ሠራተኛ እየጠፋ አስቸገረኝ ብሎ ማቋረጫውን በሽቦ ያስረዋል። ሽቦ የታሰረበት ማሽን ካያችሁ አትንዱት። ሰውየው ከመድረኩ ሲወድቅ ማሽኑ ብቻውን እየነከሰ ይሄዳልና።

ልብስ ላይ አላረፍድም። የጆሮ መከላከያ፣ የዓይን መነጽር፣ ረጅም ሱሪ፣ የማያንሸራትት ጫማ ይኑራችሁ። የሚንጠለጠል ነገር፣ ሻርፕም ሆነ የሹራብ ገመድ፣ አትልበሱ።

አሁን ነዳን። መጀመሪያ የግቢውን ሁለት ጫፍ ከሁለት እስከ ሦስት ሜትር ሳትበሱ ተዉ። ይህ የመዞሪያ ቦታችሁ ነው። ከዚያ በቀጥታ መስመር ሂዱ፤ ጫፉ ላይ ስትደርሱ ጥርሱን አንሱ፣ ዙሩ፣ መስመራችሁን ያዙ፣ ማሽኑ ቀጥ ብሎ መሄድ ሲጀምር ጥርሱን ጣሉ። ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፤ አንድ እርምጃ አይገለበጥም። ጥርሱ ሳይነሳ መዞር ከጀመራችሁ ምን እንደሚሆን ቀስ ብላችሁ ተመልከቱት፦ ውጭ ያለው ጎማ ይገፋል፣ ዘንጉ ወደ ጎን ይሄዳል፣ መሬት ውስጥ ያለው ቱቦ ግን ወደ ጎን የሚሄድበት ቦታ የለውም። ወይ ሣሩን እንደ ቁርበት ይገፈዋል፣ ወይ ራሱ ይጣመማል፣ ወይም ጫናውን ወደ ኩሽኔታው ያስተላልፈዋል። ሦስተኛው ነው መጥፎው፤ ያኔ አይታይማ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ማሽኑ መጮህ ሲጀምር ማንም ያንን መዞሪያ አያስታውሰውም። በሰፊው ቀስ ብሎ መታጠፍን የሚፈቅዱ ሞዴሎች አሉ፤ ቢሆንም ዛፍ ሥር ወይም የአበባ መደብ ዙሪያ በጠባቡ መታጠፍ የሚፈቀድበት የለም።

ወደ ኋላ መሄድ ሲያምራችሁም ያው ነው፤ ጥርሱ ይነሳል፣ ዞራችሁ ከኋላ ማን እንዳለ ታያላችሁ፣ ከዚያ ትሄዳላችሁ። ብዙው ጥርስ ወደ ፊት እየሄደ እንዲወጋና እንዲወጣ ሆኖ የተቀረጸ ነው፤ ወደ ኋላ ሲነዳ በተቃራኒው ይጫናል። በመኪና መንገድ፣ በእግር መንገድ፣ በጡብ ንጣፍ ላይ ስታልፉም አንሱት። ኮንክሪት የነካ ጥርስ አፉ ይደፈጠጣል፤ አፉ የተደፈጠጠ ጥርስ ደግሞ አይቆርጥም፣ ይጠቀጥቃል እንጂ። ያኔ ለማላላት የመጣችሁበትን አፈር ይበልጥ ታጠነክሩታላችሁ።

ፍጥነቱን መጀመሪያ ላይ በፈጣን የእግር ጉዞ ልክ፣ በሰዓት 5 ወይም 6 ኪሎ ሜትር አድርጉት። ማሽኑ ከዚያ በላይ መሄድ ይችላል። ነገር ግን ከአሥር ሜትር በኋላ ቁሙና ቀዳዳውን ተመልከቱ። ክብ ከሆነና ቡሹ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ካለው መልካም ነው። ቀዳዳው እንደ ሞላላ ከተቀደደ ፍጥነቱ በዝቷል ወይም ጥርሱ ተጣሟል። ብዛቱንም ቁጠሩ፤ በአንድ ካሬ ጫማ (30 በ30 ሴንቲ ሜትር ያህል) ከ20 እስከ 40 ቀዳዳ ጥሩ ነው ይባላል። አንድ ዙር ካልበቃ ሁለተኛውን በሌላ አቅጣጫ አሻግራችሁ ሂዱ። የተዋችሁትን ጫፍ በመጨረሻ ዙሪያውን እየሄዳችሁ ትዘጉታላችሁ። ልጅ ወይም ውሻ ወደ ግቢው ከገባ ጥርሱን አንሱ፣ ቁሙ፣ እስኪወጣ ጠብቁ።

ወደ ዳገቱ እንምጣ። የብዙዎቹ ማሽኖች መመሪያ ከ15 ዲግሪ በላይ አትውጡ ይላል፤ የእናንተው ከዚያ ያነሰ ቢል የእሱን ያዙ። 15 ዲግሪን በዓይን መገመት አይቻልም፤ ሰው ሁልጊዜ አሳንሶ ነው የሚገምተው። የአንድ ሜትር ቀጥ ያለ እንጨትና የግንበኛ ውሃ ልክ ይኑራችሁ። የእንጨቱን አንድ ጫፍ ዳገቱ ላይ አሳርፉ፣ ሌላውን ወደ ቁልቁለቱ በኩል አውጥታችሁ ውሃ ልኩ እስኪስተካከል ከፍ አድርጉ፣ ከዚያ ከሥሩ እስከ መሬት ያለውን ለኩ። 27 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 15 ዲግሪ ነው። ከዚያ ካለፈ ያ ቦታ በማሽኑ አይሠራም፤ ለደንበኛው በግልጽ ንገሩትና ክፍያውን ቀንሱለት።

ከወሰኑ በታች ባለ ዳገት ላይም ኤሬተር የራሱ ጠባይ አለው። ሃይድሮሊኩ ጥርሱን ወደ ታች ሲጫን ማሽኑ ወደ ላይ ይገፋል፤ በዚያው ልክ ከሚነዱት ጎማዎች ላይ ክብደት ይቀንሳል። ስለዚህ ሜዳ ላይ ጥሩ የነከሰ ጎማ ዳገት ላይ፣ በተለይ ጤዛ ወይም ቅጠል ካለ፣ ድንገት ይለቃል። ከለቀቀ በእጀታው አትታገሉት፤ ጥርሱን ከሥራ አውጡና ቀስ ብላችሁ ቀጥታ ወደ ታች ውረዱ። ዳገት ላይ አትዙሩ፣ በድንገት አትነሱ፣ በድንገት አትቁሙ። ከቦይ፣ ከድጋፍ ግንብ፣ ከኩሬ ጠርዝ የማሽኑን ስፋት ሁለት እጥፍ ያህል ራቁ፤ ጠርዝ ከታች ተሸርሽሮ ከላይ ጠንካራ መስሎ ሊቆም ይችላል።

ከዚህ በኋላ ስለ ጥገና ነው። መጀመሪያ የተነሳውን ጥርስ ምን እንደያዘው እንጠይቅ። ሃይድሮሊክ ነው የያዘው። ሃይድሮሊክ ደግሞ ቱቦው ቢፈነዳ፣ ዘይቱን የሚይዘው ማጥበቂያ ቢያሳልፍ፣ አንድ ሰው እጀታውን ቢነካ ይለቃል። ስለዚህ እጃችሁ ወደ ጥርሶቹ ከመሄዱ በፊት ማሽኑ ሜዳ ላይ ይቁም፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ሞተሩ ይጥፋ፣ ቁልፉ ይነቀል፣ የካንዴላው ገመድ ይውጣ። ጥርሱ ወይ መሬት ላይ ይረፍ ወይም በብረት መቆለፊያው ወይም በማይንሸራተት ድጋፍ ይያዝ። ክሪክ ማንሻ እንጂ ድጋፍ አይደለም። ጭቃ ሲጠቀጠቅበት ሜዳ ላይ ልታጸዱ ስትሉም ያው ነው፤ ጓንት አድርጋችሁ፣ በካቻቢቴ ወይም በብረት ዘንግ ግፉት። «አንዴ ነው፣ ሞተሩን ላጥፋ?» የሚያሰኝ ቦታ ይሄ ነው። አዎ፣ አጥፉት።

የሃይድሮሊክ ፍሳሽ ላይ ትንሽ ልቆይ። ግፊት ላይ ያለ ቱቦ በመርፌ ጫፍ በሚያህል ቀዳዳ ሲያፈስ ዘይቱ ላይታይ ይችላል፤ ቆዳ ግን ይበሳል። በእጃችሁ እየዳበሳችሁ አትፈልጉት። ካርቶን ያዙና ቱቦው አጠገብ አሳልፉት፤ ቀዳዳው ካርቶኑ ላይ እርጥብ ነጥብ የታየበት ቦታ ነው። ዘይት ቆዳ ውስጥ የገባበት ሰው የሚታየው ቁስል የትንኝ ንክሻ ያህል ነው፣ ብዙም ላያመው ይችላል፤ ስለዚህ ወደ ቤቱ ይሄዳል። መሄድ ያለበት ድንገተኛ ክፍል ነው፣ በዚያው ሰዓት። ዘይቱ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በቀዶ ሕክምና ካልወጣ ሥጋው ይሞታል፤ ጣት ወይም እጅ እስከማጣት ያደርሳል። ለሐኪሙ «ሃይድሮሊክ ዘይት በግፊት ገብቶብኛል» ብላችሁ ንገሩት፤ «ወጋኝ» ብቻ ካላችሁ ፕላስተር ለጥፎ ሊሸኛችሁ ይችላል።

ጥርሶቹን ስትለውጡ አንድ አዲስ ጥርስ ለመለኪያ አስቀምጡ፤ አጠገቡ አድርጋችሁ አወዳድሩ። ድንጋያማና አሸዋማ አፈር ቶሎ ይበላቸዋል። ያጠረውን ብቻ ሳይሆን የዘንጉን ረድፍ በሙሉ ለውጡ፤ ካልሆነ አዲሶቹ ይጠልቃሉ፣ አሮጌዎቹ ይንሳፈፋሉ፣ ማሽኑም ይነጥራል። ቡሹ የሚወጣበት የጎን መስኮት ወዴት እንደሚያይ ከመፍታታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ተገልብጦ የታሰረ ጥርስ መሬቱን ይቆፍራል እንጂ አይበሳም፤ ሰውም ሲያየው ማሽኑ ተበላሸ ይላል። ብሎኖቹ ፋብሪካው ያዘዘው ጥንካሬ ያላቸው ይሁኑ፣ በመመሪያው ልክ ይጥበቁ፣ ከጥቂት ሰዓት ሥራ በኋላ እንደገና ይፈተሹ።

ካቴና ባላቸው ሞዴሎች ላይ ካቴናው መሃሉ ላይ በጣት ሲጫኑት 12 ሚሊ ሜትር ያህል መጫወት አለበት፤ ትክክለኛውን ልክ መመሪያው ይሰጣችኋል። ከዚያ በላይ ከላላ ይዘላል፣ በጣም ከጠበቀ ኩሽኔታውን ይበላል። የግሪስ ነጥቦቹን መጀመሪያ በጨርቅ ጥረጉ፤ አፈር የያዘ ነጥብ ላይ ግሪስ ስትጨምሩ አፈሩን ነው ወደ ኩሽኔታው የምትገፉት። ተዘግተው የተሠሩ ኩሽኔታዎች ግሪስ አይፈልጉም፤ ሲጮሁ ይለወጣሉ።

ሞተሩ ከማጨጃችሁ ሞተር አይለይም። አዲስ ከሆነ የመጀመሪያው ዘይት ከ5 እስከ 8 ሰዓት ሥራ በኋላ ይለወጣል፣ ከዚያ በየ100 ሰዓቱ፤ አቧራ በበዛበት ቶሎ ቶሎ። የስፖንጁ ማጣሪያ በየ25 ሰዓቱ ይታጠባል። የወረቀት ማጣሪያው ግን አይታጠብም፣ በንፋስ ፓምፕም አይነፋም፤ ወረቀቱ ይበሳና አቧራ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። ከቆሸሸ ጣሉት። የሞተሩን ማቀዝቀዣ ክንፎችና የሃይድሮሊክ ፓምፑን ማራገቢያ ግን ማንም አያስታውሳቸውም። የደረቀ ሣርና አቧራ ሲሸፍናቸው ዘይቱ ይግላል፣ ይቀጥናል፣ ማሽኑም ከሰዓት በኋላ ዳገት ላይ አቅም ያጣል። ጠዋት ጥሩ ሆኖ ከሰዓት ደካማ የሚሆን ማሽን ካላችሁ ፓምፕ ከመግዛታችሁ በፊት ብሩሽ ያዙ።

ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ ነገር አለ። ማሽኑ ሲበላሽ በእጅ ለመግፋት የሚከፈቱ የሃይድሮሊክ ማለፊያ ቫልቮች አሉ። ሰው ከፍቶ ገፍቶ፣ ሳይዘጋቸው ይተዋል። በማግሥቱ ሞተሩ ይጮሃል፣ ማሽኑ ግን አይንቀሳቀስም ወይም በአንድ ጎኑ ይጎተታል። መጀመሪያ እነሱን እዩ። በመኪና አስራችሁ ግን አትጎትቱት፤ ጎማዎቹ ሲዞሩ ጎማውን የሚያዞረውን የሃይድሮሊክ ሞተር ያለ ዘይት ያዞሩታል።

ጥርሱ ከተነሳ በኋላ ቀስ እያለ የሚወርድ ከሆነ በሲሊንደሩ ማጥበቂያ ወይም በቫልቩ በኩል ዘይት እያለፈ ነው። ሥራውን ስለማያቆመው ሰው ይታገሰዋል። አትታገሱት። እናንተ ጥርሱ ተነስቷል ብላችሁ ስትዞሩ እሱ እየወረደ ነው። ማሽኑ እጀታው ገለልተኛ ላይ ሆኖ ቀስ ብሎ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ማስተካከያው ተዛብቷል፤ ሳይስተካከል ተሳቢ ላይ አይወጣም።

ለክረምት ስታስቀምጡት ነዳጅ ከ30 ቀን በላይ ሊቆይ ከሆነ ነዳጁ እንዳይበላሽ የሚያደርግ ማረጋጊያ ጨምሩና ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ አስነሱት፤ ማረጋጊያው ካርቡሬተሩ ድረስ ይድረስ። ጥርሶቹን ከአፈር አጽድታችሁ ቀጭን ዘይት ቀቧቸው፤ አለዚያ በማርች ስትመለሱ ውስጣቸው ዝጎ ቡሹን ይዞ ይቀራል። ባትሪውን ስትፈቱ ኔጌቲቩን መጀመሪያ፣ ስታስሩ ኔጌቲቩን መጨረሻ።

አንድ ጥያቄ ከኋላ ተነስቷል፤ ማሽኑ የራሱ ካልሆነና ከተከራየ ሰው ምን ማየት አለበት ነው የሚለው። ከኪራይ ቤቱ ግቢ ሳትወጡ፣ ሠራተኛው አጠገባችሁ እንዳለ፣ ጥርሱን አስነሱና ለአምስት ደቂቃ ተዉት፤ ከወረደ አትውሰዱት። ከመድረኩ ወርዳችሁ ማቋረጫው እንደሚሠራ አረጋግጡ። የጎማውን ንፋስ ለኩ። የተሳቢውን መወጣጫ በሜትር ለኩ። መመሪያው ከማሽኑ ጋር መኖሩን ጠይቁ፤ ከሌለ የሞዴሉን ቁጥር ከሰሌዳው ላይ ጻፉና ከአምራቹ ድረ ገጽ በስልካችሁ አውርዱት። ከዚያ እያንዳንዱን የጥርስ ረድፍ በሁለቱም በኩል ፎቶ አንሱ፣ የተጣመመ ወይም የጎደለ ካለ ውሉ ላይ እንዲጻፍ አድርጉ። የአንድ ጥርስ ዋጋ ትንሽ ነው፤ ሙሉ ረድፍና ኩሽኔታ ግን የቀኑን ገቢያችሁን ይበላዋል፣ ውሉ ላይ ደግሞ የሚፈርመው የእናንተ እጅ ነው።